ዘጠና አምስት ላይ ያደርንበት ሌሊት

«ይኼ ራስ ምታት የከሰል ነው» አሉኝ እትዬ።

ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 አልፏል። ያለነው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ኢንተርስቴት 95 የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ፣ በረዶ የከበባት አንዲት ኮሮላ ውስጥ ነው። ከሰል ቀርቶ ክብሪት እንኳ በአጠገባችን የለም። «ኧረ እትዬ፣ ረሃብ ይሆናል፤ እንደ ጾሙ እኮ ነው ያሉት» አልኩና አለፍኩት። ትልቅ ሰው ሲናገር አዎን አዎን እያሉ ማለፍ ለምዶብኝ ነው። እሳቸው ግን እንደዚያ የሚታለፉ ሴት አልነበሩም።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ሰዓቱን በእኛው አቆጣጠር ነው የምናገረው፤ አሜሪካ ስድስት ዓመት ኖሬም ስልኬን ባየሁ ቁጥር ስድስት መቀነሴን አልተውኩም።

እኔ የአዳማ ልጅ ነኝ። ከእናቴ ጋር ሳወራ ናዝሬት፣ ከጓደኞቼ ጋር አዳማ እላለሁ። ያደግሁት ፍራንኮ ሰፈር ነው። ከተማዋ የጅቡቲ መንገድ አፍ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች ከአዳማ ጎረምሳ ግማሹ አንድ ቀን ከባድ መኪና ላይ ሳይንጠለጠል አያድግም። ሦስት ዓመት በረዳትነት፣ ስድስት ዓመት በሾፌርነት ከነተሳቢው ተመላልሻለሁ፤ ወለንጪቲ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ከዚያ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ጋላፊ። የበሰቃ ሐይቅ እየሰፋ መንገዱን ሲበላ አይቻለሁ። ከአዋሽ በታች ሞተር ፈልቶ ሲቆም፣ ሰው በሚቀልጥበት ሙቀት፣ ተሳቢው ጥላ ሥር ተጋድመን ውለናል። ረዳት ሆኜ ያሳደገኝ ሾፌር በዚያ በረሃ ላይ አንዲት ሕግ ነበረችው። መኪና ሲቆምብህ መኪናህን ትተህ አትሂድ። ውኃ ፍለጋ ብሎ የሚሄድ ሰው እንጂ መኪናው ሥር የተቀመጠ ሰው አይጠፋም፤ መኪና ከሩቅ ይታያል፣ ሰው አይታይም። ይቺን ሕግ የሙቀት ሕግ ትመስለኝ ነበር።

ብርድ የሚባለውን የማውቀው ሐምሌ ላይ አሰላ ጭነት ሳወርድ ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ ከጎባ ወደ ደሎ መና ስንሻገር፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በሚያልፈው የሰነቴ መንገድ፣ ንጋት ላይ ሣሩ ሁሉ ውርጭ ለብሶ ጨው የተነሰነሰበት መስሎ አየሁና መኪናውን አቁሜ ፎቶ አነሣሁ። ጓደኞቼ ፎቶውን አይተው «ይኼ አገራችን ነው?» ብለውኛል።

አማርኛችን በዚህ ነገር ብዙ አይረዳም። ቆርቆሮ የሚደበድበውም በረዶ ነው፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውም በረዶ ነው፣ ከሰማይ እንደ ጥጥ እየተባዘተ የሚወርደውም በረዶ ነው። መጻሕፍቱ አመዳይ የሚል ቃል አላቸው፤ ግን ማን ይለዋል? እዚህ ያለው ሐበሻ «ስኖው» ብሎ ይገላገላል። ልዩነቱ ለእኔ የገባኝ በድምፁ ነው። የናዝሬት በረዶ ሲመጣ አዋጅ አስነግሮ ነው፤ ቆርቆሮው ይጮኻል፣ ልጆች ይወጣሉ፣ እየለቀሙ ይበላሉ፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። ስኖው ድምፅ የለውም። ማታ ያቆምከው መኪና ጠዋት የለም፤ በቦታው ነጭ ጉብታ አለ።

የመጀመሪያ ዓመት ላይ የሠራሁትን ጅልነት ሁሉ አልዘረዝርም። አንዱን ብቻ፤ የፊት መስታወቱ ላይ የጋገረውን በረዶ ላስለቅቅ ብዬ ከጀበና የወጣ የሚመስል የፈላ ውኃ ደፋሁበት። መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ጠረረር አለና ተሰነጠቀ። ጎረቤቴ በመስኮት እያየኝ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዲያስፖራው ገናን አገር ቤት ገብቶ እንዲያከብር ጥሪ አድርገው ስለነበር የሚሄደው ሰው ብዙ ነበር። እትዬም ሊሄዱ ነው። እሳቸው የባቱ ሰው ናቸው፤ አፋቸው ግን ዝዋይ እንጂ ባቱ አይልም። ሪችመንድ ያለችው ልጃቸው ስትወልድ ሊያርሷት መጥተው ሁለት ዓመት ቆዩ። ከእናቴ ጋር የቆየ ወዳጅነት አላቸው፤ ልጃቸው ሆስፒታል ተረኛ ስለሆነች «አንተ አድርስልኝ» ተባልኩ። በረራው ማክሰኞ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ከዋሽንግተን ዱለስ ነው። እኛ ሰኞ ወጥተን አሌክሳንድሪያ ዘመድ ቤት ልናድር፣ ጠዋት በእርጋታ ልንሄድ። ሁለት ሰዓት መንገድ ነው።

ሰኞ ማለት ታኅሣሥ 25 ነው፤ በፈረንጁ ጃንዋሪ 3፣ 2022። ከሁለት ቀን በፊት በሸሚዝ ነበር የምንሄደው። ሌሊቱን ዝናብ ጣለ። ዝናብ ሲቀድም ደግሞ መንገዱ ላይ አስቀድሞ ጨው አይረጭም፣ ያጥበዋላ። ንጋት ላይ ያው ዝናብ ወደ በረዶ ዞረ፣ ወደ ሰሜን ፍሬደሪክስበርግ አካባቢም በሰዓት 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጥል ጀመር። መጥረጊያ መኪናው አንድ ጊዜ ጠርጎ ሳይመለስ መንገዱ እንደገና ይሸፈናል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ከዜና ነው። ሪችመንድ ላይ ሆኜ የማየው ቀላል ነገር ነበር፤ ቀትር ላይ አበቃ፤ ፀሐይም ብልጭ አለች። 7 ሰዓት ላይ ሻንጣ ጭነን ወጣን። የጅቡቲ ሾፌር ሆኜ ሰማዩን አይቼ መንገዱን ፈረድኩ። ስህተቱ ከዚያ ይጀምራል።

በረዶ ላይ መንዳት አልፈራም ነበር፤ ነገሩ ከአሸዋና ከጭቃ ብዙ አይርቅም። ነዳጅ በቀስታ ትረግጣለህ፣ ፍሬን ባትነካ ይሻላል፣ ከፊትህ ካለው ትርቃለህ፣ መሪ በድንገት አታዞርም። ጎማ ከተሽከረከረ እግርህን ታነሣለህ፤ በረገጥክ ቁጥር ጉድጓድ ነው የምትቆፍረው። አሸዋ የሌለው፣ በረዶ ያለው አንድ ተንኮል ግን አለ። ቀን የቀለጠው ማታ መስታወት ሆኖ ይረጋል፤ አስፋልቱ ጥቁር እንደሆነ ነው የሚታይህ፤ መኪናው ግን ከእጅህ ወጥቷል። ከሩተር ግሌን በኋላ ከመንገድ ወጥተው የቆሙ ትንንሽ መኪናዎች በየዳሩ ማየት ጀመርን። እትዬ መቁጠሪያቸውን አወጡ።

ቶርንበርግ የሚባለውን መውጫ አልፈን ጥቂት እንደሄድን ሰልፉ ቆመ። ከፊት ከባድ መኪና ተንሸራቶ፣ ተሳቢው እንደ ሰንጢ ታጥፎ መንገዱን ዘግቷል አሉ። አንዱ ሲነሣ ሌላው ይታጠፋል። ሰዓቱ 10 ነበር። «አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው» አልኳቸው።

በዚያች ሌሊት የተዘጋው መንገድ 77 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ከአዲስ አበባ አዳማ የሚያመጣው የፍጥነት መንገድ 85 ነው፤ እንግዲህ ከቱሉ ዲምቱ እስከ አዳማ መግቢያ፣ በሁለቱም አቅጣጫ፣ መኪና በመኪና ላይ ተሰልፎ፣ ሞተር አጥፍቶ ሲያድር አስቡት። በመቶዎች የሚቆጠር መኪና። የቨርጂኒያው ሴናተር ቲም ኬይን ራሳቸው ያን ቀን ከሪችመንድ ወደ ዋሽንግተን በዚያው መንገድ ወጥተው 27 ሰዓት ፈጅቶባቸዋል። ሴናተሩም እኛም አንድ አስፋልት ላይ አደርን፤ አሜሪካ ስገባ የተነገረኝ እኩልነት ያን ዕለት ተገኘ።

11 ሰዓት ላይ ጨለመ። ነዳጄን አየሁ፤ ከግማሽ ታንከር ጥቂት ዝቅ ብሏል። እዚህ ጋ የድሮው ሾፌር ጭንቅላቴ ነቃ። ሞተሩን ሌሊቱን ሙሉ ካስነሣሁት ንጋት ላይ ባዶ ነን፤ ካጠፋሁት ደግሞ እኚህን ሴት አስፋልት ላይ ልገድላቸው ነው። በየሰዓቱ 10 ደቂቃ አስነሥቼ፣ አሙቄ፣ ላጠፋ ወሰንኩ። እትዬ ሰዓት ጠባቂ ሆኑ። 10 ደቂቃው ሲያልቅ «በቃ» ይላሉ፤ አንድ ሰከንድ አይጨምሩልኝም።

ሞተር በጠፋ በሩብ ሰዓት ውስጥ ብርዱ ይገባል። ከላይ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር፤ ከታች ነው የሚመጣው። መጀመሪያ የጫማህን ሶል ይይዛል። ከዚያ ጉልበት። ከዚያ ትንፋሻችን መስታወቱ ላይ ረግቶ ከውስጥ በኩል በረዶ ሠራ፤ በጥፍሬ ስፍቀው እንደ ጨው ረገፈ። ዳሽቦርዱ 18 ፋራናይት ይላል፤ በእኛ ሲሰላ ከዜሮ በታች 8 ግድም ማለት ነው። የውኃ ጠርሙሱ እንዳይረጋ እትዬ ከጋቢያቸው ሥር እንደ ሕፃን አቀፉት። ጋቢውን ለአውሮፕላን ብለው የያዙት ነው። የገና ጾም ስለሆነ የያዝነው ስንቅ አንድ ኪስ ቆሎ ነበር። ቆሎ እየቆረጠሙ መቀመጥ ያሞቃል፤ ቢያንስ መንጋጋን።

«ሻንጣውን እንክፈተው» አልኳቸው።

«የሰው አደራ ነው።»

ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሻንጣ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል፤ የራሱ ዕቃ ሩቡ ነው፤ የቀረው የእከሌ መድኃኒት፣ የእከሊት ልጅ ጫማ፣ በስም በስሙ በፌስታል ታስሮ የተላከ ነው። ለአንድ ሰዓት ያህል ተከራከርን። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ራሳቸው «እስቲ የእኔን ብቻ» አሉ። ለልጅ ልጆቻቸው የገዙት ወጣ። ደርዘን የልጅ ካልሲ፣ ሦስት ሹራብ፣ አበባ የተሣለበት አንድ ብርድ ልብስ። ካልሲዎቹ እግራችን ላይ አልገባ ሲሉ እጃችን ላይ አጠለቅናቸው። ድፍን የዝዋይ ሙቀት የሚያለብሳቸውን ልጆች እያሰብኩ፣ ጣቴ ላይ ዳይኖሰር የተሣለበት የአምስት ዓመት ልጅ ካልሲ አድርጌ መሪ ጨብጬ ተቀመጥኩ።

በግራችን የቆመው ባለ ተሳቢ ጥምጣም የጠመጠመ ፑንጃቢ ነበር። መጥቶ መስኮት አንኳኳ፤ ሻይ አፍልቶ በቴርሞስ ይዟል። እትዬ ቀምሰው ሳይሆን አሽትተው መለሱት፤ ወተት አለው። እኔ እየተርበደበድኩ «እትዬ፣ እግዜር ያያል እኮ» ብል «ስለሚያይ ነው» አሉኝ። ሰውዬውን ላስረዳው ሞከርኩ፤ ገባው፤ ሄዶ ያለ ወተት አፍልቶ መጣ። ያን ሻይ አልረሳውም። ካርዳሞኑን «ኮረሪማ ብጤ ነው» ብለው አጣጣሙት።

ስለ ሽንት ማንም አይጽፍም፤ እኔ እጽፋለሁ፤ ከሁሉ ያሳፈረኝ እሱ ስለሆነ። ወንድ ዘወር ይላል። አንዲት የስልሳ ዓመት ሴት መብራት በበራበት የመኪና ሰልፍ መካከል ምን ታድርግ? በጅቡቲ መስመር ሴት መንገደኛ ስንይዝ የምናደርገውን አደረግሁ። የቀኙን ሁለት በሮች ከፈትኩ፤ በበሮቹ መካከል ጋቢውን ዘርግቼ ፊቴን አዙሬ ቆምኩ። በረዶው እስከ ጉልበቴ ነበር። ሲጨርሱ ጋቢውን ተቀብለው አራገፉ፤ «ተባረክ» አሉኝ፤ ከዚያ ብዙ ሰዓት አላወራንም።

7 ሰዓት ግድም ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ሃያ ሜትር ይሆናል። ሁሉም ሞተሩን አስነሣ፤ ክላክስ ሳይቀር ተነፋ። የእኔ የፊት ጎማዎች ግን ባሉበት ተሽከረከሩ። ወርጄ የመርገጫ ምንጣፎቹን ሥራቸው አነጠፍኩ፤ ገዋኔ አሸዋ ላይ ኬሻ እንደምናነጥፈው። ከዚያ ወደ ኋላ ገፋ አድርጌ ኃይል ልሰብስብ ብዬ ማርሽ ወደ ኋላ አስገባሁ። ግልብ ነበርኩ፤ ተስፋ አደረግሁ መሰለኝ። መኪናዋ ሽው ብላ ሄዳ መንገድ ዳር ከተቆለለው በረዶ ጋር በቂጧ ተጋጨች። ጉዳት የለም፤ ለስላሳ ነው፤ ትራስ እንደመምታት ነው። እትዬ «ምነው?» አሉ። «ምንም የለም» አልኩ። ሰልፉም እንደገና ቆመ።

ብርዱ ያን ጊዜ ብሶ ነበር። እስከዚያ ድረስ ሞተር ሳስነሣ መስኮት በጣት ያህል እከፍት ነበር። አሁን ዘጋሁት። 10 ደቂቃውንም ሃያ አደረግሁት፤ እትዬ «በቃ» አላሉም። እሱን እንኳ ልብ አላልኩም።

ከዚያ ነው «የከሰል ነው» ያሉት።

እኔም ራሴን እያመመኝ ነበር፤ ግንባሬን እንደ ሻሽ ይዞ የሚያጠብቅ ሕመም። ሆዴ ይገላበጣል። ግን ደስ የሚል እንቅልፍም አለው። መሞቅ የጀመርኩ መስሎኝ፣ «ጥሩ፣ አሁን ተኛ» የሚል ነገር ውስጤ ነበር። እትዬ ክንዴን ያዙና፣ ከንፈራቸው እየተሳሰረ፣ እንዲህ አጫወቱኝ። ዝዋይ ሙሽራ ሆነው በገቡበት ዓመት፣ ሐምሌ ላይ፣ ዝናብ ሲያካፋ ማንደጃውን ከነፍሙ ወደ ቤት አስገቡት። በሩን ዘጉ። የጭቃ ቤት ነው፤ መስኮቷም በጨርቅ ተወትፋለች። ባል መንገድ ሄዷል። ራሳቸውን ያማቸው ጀመር፣ ከዚያ እንቅልፍ መጣ፣ ደስ የሚል እንቅልፍ። ጎረቤት ለጨው ብድር መጥታ ስትጠራቸው ባይመልሱ፣ በሩን ገፍታ ገብታ በእግራቸው ጎትታ ዝናብ ላይ አወጣቻቸው። «ያኔም ጭስ አልነበረውም» አሉ። «ፍሙ ቀይ ነበር። ጭስ ያለውማ ያስልሃል፣ ትወጣለህ። ይኼኛው ነው የሚገድለው። ይኼ ራስ ምታት ያው ነው፤ አውቀዋለሁ። ውጣና እየው።»

ምኑን ነው የማየው? ይህን እያልኩ በሩን ከፈትኩ፤ ልቆም ስል ጉልበቴ ከዳኝና በረዶው ላይ በእጄ ወደቅሁ። ያን ጊዜ ገባኝ። ሞተሩን አጥፍቼ ወደ ኋላ ዳከርኩ። የመኪናዋ ኋላ እስከ ታርጋዋ ድረስ በረዶ ውስጥ ተቀብሯል። ጭስ ማውጫው አይታይም። በበረዶ መፋቂያው፣ ከዚያ በካልሲው እጄ ቆፈርኩ። ወደ ኋላ ስገፋ የጠቀጠቅሁት በረዶ ሲሚንቶ ሆኗል። ከማርሚታው ሙቀት ቀልጦ እንደገና የረጋ፣ ቡኒና ጥቁር የሆነ ድንጋይ አገኘሁ፤ መሐሉ ላይ አመልማሎ የማታሳልፍ ቀዳዳ። ሙሉ በሙሉ ቢደፈን ሞተሩ ራሱ ታፍኖ ይጠፋ ነበር፤ በከፊል መደፈኑ ነው ክፋቱ። የተቃጠለው አየር ወደ ኋላ መውጫ ሲያጣ ከመኪናው ሥር ተጠራቅሞ በወለሉ ስንጥቅ ሁሉ እየሾለከ እኛ ጋ ይገባል።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ደማችን ኦክስጅን የሚሸከምበትን ቦታ ቀድሞ ይይዛል፤ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ጥብቀት ነው የሚጣበቀው። ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። ከማንደጃ የሚወጣውም፣ ከጭስ ማውጫ የሚወጣውም እሱው ነው። በስምጥ ሸለቆ መንገድ ከመቂ ሐዋሳ ስትወርድ ዳር ዳሩን ማዳበሪያ ሙሉ ከሰል ተደርድሮ ታያለህ፤ እኔ ስንቱን ጭኜ ናዝሬት አራግፌያለሁ፣ እንዲህ ቨርጂኒያ ድረስ ይከተለኛል ብዬ አላሰብኩም። ከእኛ ሌሊት ስድስት ዓመት በፊት፣ በጃንዋሪ 2016 በጣለው ታላቅ በረዶ፣ ኒው ጀርሲ ፓሴይክ ከተማ አንድ አባት ከውጭ ሆኖ በረዶ ሲዝቅ እናትና ልጆቿ እንዲሞቃቸው ሞተሩ በተነሣ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ሞተዋል። ጭስ ማውጫው በበረዶ ተደፍኖ ነበር። አባትየው አጠገባቸው ነው፤ አካፋ ይዞ።

ወደ መኪናው ተመለስኩና አራቱንም በር ከፈትኩ። እትዬን በጋቢና በአበባው ብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ደግፌ አውጥቼ ፑንጃቢው ጋ ወሰድኳቸው። ሁለት እርምጃ ነው፤ ደብረ ዘይት የምሄድ መሰለኝ። እሱ እጃቸውን ስቦ፣ እኔ ከታች እየገፋሁ ወደ ጋቢናው አወጣናቸው። እኔ እዚያው ጎማው ሥር ያለኝን ቆሎ ሁሉ አስመለስኩ። ከዚያ ያ የምጠላው ብርድ ሳንባዬ ውስጥ ሲገባ፣ ራሴ ሲፈታ፣ የሎጊያ ቀዝቃዛ ኮካ የጠጣሁ ያህል ነበር።

ሹፌሩ የባትሪ መብራት ሰጠኝ። «ሌሎቹንም እያቸው» አለ። አራት መኪና አንኳኳሁ። ከዚያ በላይ አልሄድኩም፤ ጀግና ነኝ አልልም፤ የእግሬን ጣቶች አላውቃቸውም ነበር፣ ሕጉም ከመኪናህ አትራቅ ነው። ሦስቱ ደህና ነበሩ፤ አንዱ ተቆጥቶ መስኮት ዘጋብኝ። በአራተኛው አንዲት ሴት ከሁለት ልጆች ጋር ተኝታ ሞተሩ ይሠራል። ብዙ አንኳኳሁ። ስትነቃ፣ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር የሚንቀጠቀጥ ሰው፣ እጁ ላይ የዳይኖሰር ካልሲ፣ መብራት ይዞ ቆሟል፤ ጮኸች። ፈረድኩላት። በምልክት ወደ ኋላ አሳየኋት። ጭስ ማውጫዋ ግማሹ ተሸፍኖ ነበር። ጠረግሁላትና መስኮቷን ዝቅ እንድታደርግ ነግሬያት ተመለስኩ።

እትዬ ጋቢናው ውስጥ የፑንጃቢውን አልጋ ይዘው ተኝተው አገኘኋቸው። አፋቸው ላይ እጄን አስጠግቼ ትንፋሻቸውን ለካሁ። ዓይናቸውን ሳይገልጡ «አለሁ» አሉኝ።

የነጋው ወሬ አጭር ነው። ፀሐይ ወጣች፣ ነጩ ነገር ሁሉ ዓይን ያቃጥላል። ከእኛ ራቅ ብሎ ቆሞ የነበረ አንድ የዳቦ መኪና በባለቤቱ ፈቃድ ተከፍቶ፣ ዳቦው በአጠገቡ ለነበረው ሰው ታድሏል፤ እኛ ጋ አልደረሰም፣ በዜና ነው ያየሁት። 6 ሰዓት ላይ ፖሊሶች መጥተው ጫፍ ጫፉን እየመሩ ወደ ቅርብ መውጫ አወጡን። ከቆምን 20 ሰዓት ሆኖን ነበር። መንገዱ ሙሉ በሙሉ ነፃ የሆነው ማታ ነው። በዚያ ሁሉ መኪና ውስጥ ሰው አልሞተም ተባለ። በሚቀጥለው የፈረንጆች ገና ሰሞን ቡፋሎ ላይ በወረደው ግን ከ40 ሰው በላይ አለቀ፤ አንዳንዱ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ። ያን ዜና ስሰማ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ።

ሆስፒታል ገብተን ኦክስጅን ተደረገልን። የቀኝ እግሬ ሁለት ትንንሽ ጣቶች እስከ ፋሲካ ድረስ የሰው ነበሩ። እትዬ በረራቸው አመለጣቸው፤ የኮቪድ ምርመራ ወረቀታቸውም ጊዜው አልፎ እንደ አዲስ ተመረመሩ። ገናን ሪችመንድ አከበሩ፤ ዶሮውን እኔ ነኝ የገነጠልኩት፣ አልተሳካልኝም፣ 12 ብልት መሆን ያለበት 14 ሆነ።

የጥምቀት ሰሞን እንደገና እኔው አደረስኳቸው። ያን ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱ ደረቅ ነበር፤ ቶርንበርግን ስናልፍ ሁለታችንም ወደ ቀኝ ወደ ግራ አላየንም። ሻንጣዎቹ ያው ናቸው፤ ካልሲዎቹ ታጥበው፣ ተጣጥፈው ተመልሰዋል። ዱለስ መሸኛው ጋ ቆመን ሞተሩ እየሠራ ሻንጣ ላወርድ ስል እትዬ ቀድመውኝ ወረዱ። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ከመኪናው ኋላ ሄዱና አጎነበሱ። ሰው ሁሉ ጋሪ እየገፋ ይጣደፋል፤ እሳቸው ጭስ ማውጫውን ያያሉ።

«እትዬ፣ ምን ወደቀብዎ?»

«ምንም» አሉ ቀና እያሉ። «ክፍት ነው።»